መስመሩን ዘግቶ ‹‹ለምን ቀረህ?›› ማለት ምን ይሉታል?

እግር ተወርች አስሮ ‹‹ሩጥ!›› ማለት፣ ሲወድቅ ደግሞ ‹‹ሰነፍ ነህ›› ብሎ መቅጣት በአገራችን አስተዳደር አዲስ ነገር አይደለም። ገበሬው በማዳበሪያው አይቶታል፤ ነጋዴው በግብሩ አይቶታል። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ግን ገና ብዙ ያልተነገረለትን፣ በተማሪው እግር ላይ የታሰረውን አዲሱን ገመድ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በኮምፒውተርና በሞባይል ስለሚያስተምሩበት ‹‹ፕላትፎርም›› ስለሚባለው ነገር ነው የማወራው።

የማወራው በሰማሁት ብቻ አይደለም። ከጋዜጣ ወደ ጋዜጣ እየጻፍኩ የምኖር፣ የኮሌጅ ዲፕሎማ ያለኝ፣ ሠላሳዎቹን ያጋመስኩ የዋጃ ሰው ነኝ። ዲፕሎማ ዛሬ የት እንደሚያደርስ አንባቢ ያውቀዋል፤ ዲግሪ የሌለው ሰው ማመልከቻ ሳይነበብ ነው የሚመለሰው። እናም ስሙን መጥራት በማልፈልገው አንድ ዩኒቨርሲቲ ገንዘቤን ከፍዬ በኦንላይን ተመዘገብኩ። ተማሪ ነኝ ማለት ነው። ክፍሌ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ሞባይሌ።

ዋጃን ለማያውቅ አንባቢ፦ ከወልድያ ወደ ሰሜን በዋናው አስፋልት ስትሄዱ፣ ቆቦን አልፋችሁ አላማጣ ሳትደርሱ የምታገኟት የራያ ቆላ ከተማ ናት። ፀሐይዋ ክፉ ነው፤ መሬቷ ግን ማሽላና ጤፍ ያበቅላል። ‹‹የማን ናት?›› የሚለው ክርክር ብዙ ደም አፍስሷል። የዛሬው ርእሴ ግን እሱ አይደለም። ማንም ይምራት ማንም፣ የዋጃ ተማሪ ተማሪ ነው፤ ያለ ኔትወርክ ደግሞ ትምህርት የለውም።

ይህ ፕላትፎርም የሚሉት ነገር ምንድን ነው? በአጭሩ ጣሪያና ወንበር የሌለው ክፍል ነው። የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይሰጥሃል። ስትገባ የተመዘገብክባቸው የትምህርት ዓይነቶች ተደርድረው ታገኛለህ። መምህሩ ማስታወሻውን፣ ቪዲዮውን፣ መልመጃውን እዚያ ያስቀምጣል። አሳይመንትህን ሠርተህ እዚያው ትልካለህ። ፈተናውን ሰዓት እየተቆጠረብህ እዚያው ትፈተናለህ። ውጤትህንም እዚያው ታያለህ። ይህ ክፍል አንድ ሌላ ጠባይ አለው፤ ሁሉን ይመዘግባል። መቼ ገባህ፣ የትኛውን ገጽ ከፈትክ፣ መቼ ጠፋህ፣ ሁሉም ተጽፎ ይቀመጣል። ይህቺን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ መጨረሻ እመለስባታለሁ።

ነገሩን ላራክሰው አልፈልግም። ቤትና ልጅ ጥላ ወልድያ ወይም ደሴ ሄዳ መቀመጥ ለማትችል እናት ይህ ክፍል ትልቅ በረከት ነው። ቀን ሽንኩርቱን ውኃ ሲያጠጣ ለዋለ ወጣትም እንዲሁ። መምህሩ የተናገረው ካልገባህ መልሰህ ታየዋለህ፤ ‹‹ደደብ›› የሚልህ የለም። ለቤት ኪራይ፣ ለምግብ፣ ለመጓጓዣ የሚወጣው ገንዘብ ይቀራል። በትክክል ቢሠራ የገጠሩን ልጅ ከከተማው ልጅ እኩል የሚያስቀምጥ መሣሪያ ነው።

የመሣሪያው ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። በዓለም ላይ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀሙበት፣ የኛዎቹም የሚያውቁት ‹‹ሙድል›› የሚባለው ፕሮግራም ነው። የሠራው ማርቲን ዱጊያማስ የሚባል አውስትራሊያዊ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሙሉ ዕትም የወጣው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2002 ነው። ሰውየው በልጅነቱ ያደገው ከከተማ እጅግ በራቀ የአውስትራሊያ በረሃ ውስጥ ነበር። ትምህርቱን የተማረው ደግሞ ‹‹የአየር ትምህርት ቤት›› በሚባለው፣ በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ነው። አስተማሪዋ በመቶ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ሆና በሬዲዮ ታናግረዋለች፤ እሱም ይመልሳል። ያ የበረሃ ልጅ ካደገ በኋላ የሠራውን ነገር ነው እንግዲህ የኛ ሰዎች አምጥተው የራያን ቆላ ልጅ የሚቀጡበት።

እንዴት እንደሚቀጡበት ልንገራችሁ። ከትንሹ ልጀምር።

አንድ መምህር በስልክ መልእክት ‹‹አሳይመንቱን ሐሙስ እስከ 6 ሰዓት አስገቡ›› አለን። ስድስት ሰዓት ማለት ለእኛ ቀትር ነው። እሱም ቀትር ማለቱ ነበር። ማሽኑ ላይ ሲሞላው ግን 6:00 ብሎ ሞላው። ማሽኑ ደግሞ ፈረንጅ ነው። ለፈረንጅ 6:00 ማለት ንጋት 12 ሰዓት ነው። ሐሙስ ጠዋት ስንገባ በሩ ተዘግቷል። ግማሹ ተማሪ ‹‹ዘግይቷል›› የሚል ቀይ ጽሑፍ ተለጠፈበት። ወሩና ቀኑም ያው ነው። እኛ ጥቅምት ስንል እሱ ኦክቶበርና ኖቬምበር ይላል፤ በሁለት ካላንደር መሀል ስንቱ ተማሪ ቀን እንደሚሳሳት እዚያ የገባ ያውቀዋል። ይህን ለማስተካከል ዶላር አያስፈልግም። ከቀኑ አጠገብ ‹‹ሐሙስ ቀን 6 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር›› ብሎ መጻፍ ብቻ ነው። ግን ማን ይጻፈው?

ትልቁ ግን ይሄ አይደለም። ዋጃ ላይ ኔትወርክ አለ ማለትም፣ የለም ማለትም ውሸት ነው። ይመጣል፤ ይሄዳል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይፈጥናል፤ አገር ሲነሣ እሱ ይተኛል። መብራት ሲጠፋ አብሮ ይደክማል። ስለዚህ ተማሪው ሌሊት ተነሥቶ ማስታወሻውን ያወርዳል፤ ቪዲዮውን ዳታ ይበላል ብሎ ይተወዋል። ፈተና ያለ ቀን ሚኒባስ ተሳፍሮ ቆቦ ይወርዳል። አንዳንዱ ፎቶ ኮፒ ቤት ይለምናል፤ አንዳንዱ ዘመድ ያለው ዘመዱ ቢሮ በር ላይ ቆሞ ይፈተናል። አንድ ፈተና ላይ 20 ጥያቄ ለ30 ደቂቃ ተሰጥቶን፣ 11ኛው ላይ ስደርስ ያቺ ክብ ምልክት መሽከርከር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች፣ ዞረች… ኔትወርኩ ሲመለስ ‹‹ፈተናው ተጠናቋል›› ይላል። ከ20ው የታረመልኝ እዚያ ድረስ የሠራሁት ብቻ ነው።

ደወልኩ። የመለሰችልኝ ልጅ ጨዋ ናት። ‹‹ወንድሜ፣ እኛ ምንም ማድረግ አንችልም፤ ሲስተሙ ነው›› አለችኝ።

ሲስተሙ! ዱሮ ‹‹ከበላይ የመጣ ትእዛዝ ነው›› ነበር የሚሉን፤ አሁን በላዩን ትተው ሲስተሙን አመጡልን። ትእዛዙን የሰጠው ሰው ቢያንስ ስም ነበረው። ሲስተሙ ስም የለውም፣ ቢሮ የለውም፣ አይከሰስም፣ አይሻርም!

አንባብያን፣ ሲስተሙ ይህን አላለም። እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም፤ ግን ነገሩ ቆጨኝና የፕሮግራሙን መመሪያ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሙድል ላይ መምህሩ ለአንድ ተማሪ ብቻ ነጥሎ የማስረከቢያ ቀን ማራዘም ይችላል። ለአንድ ተማሪ ብቻ የፈተና ሰዓት መለወጥ፣ ሁለተኛ ዕድል መስጠት ይችላል። እንዲያውም መምህሩ አስቀድሞ ከፈቀደ ተማሪው ፈተናውን በሞባይሉ መተግበሪያ አውርዶ፣ ኔትወርክ በሌለበት ሠርቶ፣ ኔትወርክ ሲያገኝ መላክ ይችላል። ማስታወሻውንም እንዲሁ አውርዶ ማንበብ ይቻላል። የበረሃው ልጅ የበረሃን ልጅ አልረሳም! የረሳው የሚያስተዳድረው ሰው ነው። ‹‹ሲስተሙ አይፈቅድም›› ማለት ‹‹እኔ አልፈለግሁም›› ወይም ‹‹እኔን ማንም አላሠለጠነኝም›› ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

እዚህ ላይ ‹‹ይህ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ችግር ነው፤ መንግሥትን ምን አገባው?›› የሚል አይጠፋም። መልሱን ከታሪኩ ውስጥ እናግኘው።

መሣሪያ አምጥቶ መሬቱን መርሳት በዚህ አገር ልማድ ነው። በ1997 ዓ.ም. ‹‹ፕላዝማ›› መጣ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት በቴሌቪዥን ይሰጥ ተባለ። ቴሌቪዥኑ በእንግሊዝኛ ይነጉዳል፤ መምህሩ ጥግ ይዞ ይቆማል፤ ተማሪው ያልገባውን ቢጠይቅ ቴሌቪዥኑ አይሰማም። መብራት ከጠፋ የዚያ ቀን ትምህርት አለፈ፤ አይመለስም። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. ደግሞ የርቀት ትምህርት ጥራት የለውም ተብሎ በአንድ ትእዛዝ ታገደ። ኋላ እገዳው ላላ፤ እስከዚያው ግን በየወረዳው ያለው ጸሐፊ፣ ነርስና ፖሊስ የተንጠላጠለበት መሰላል ሲወዛወዝ ከረመ። አንድ ጊዜ ‹‹በርቀት ተማሩ››፣ አንድ ጊዜ ‹‹በርቀት መማር ክልክል ነው››፣ ቀጥሎ ደግሞ ‹‹ካልሆነ በኦንላይን!››

ኮሮና መጣ። የመጀመሪያው በሽተኛ በኢትዮጵያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸውን ወደየቤታቸው ሸኙ። ‹‹ባላችሁበት ሆናችሁ በኢንተርኔት አንብቡ፣ ተከታተሉ›› ተባለ። ሰኔ ላይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ‹‹ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025›› የሚባለውን ስትራቴጂ አጸደቀ። በዚያው ሰኔ፣ በ22ኛው ቀን ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለና በማግስቱ ኢንተርኔቱ በመላ አገሪቱ ተዘጋ። ሦስት ሳምንት ያህል! አስቡት እንግዲህ፤ ‹‹ቤታችሁ ሆናችሁ በኢንተርኔት ተማሩ›› ባሉበት ዓመት፣ ‹‹ዲጂታል ሆነናል›› ባሉበት ወር ኢንተርኔቱን አጠፉት። ያን ጊዜ ‹‹የተማሪውስ ነገር?›› ብሎ የጠየቀ አንድ ባለሥልጣን ማን ነበር?

ከዚያ በኋላ የሆነውን የራያ ሰው ከኔ በላይ ያውቀዋል። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር በትግራይ ስልኩና ኢንተርኔቱ ጠፋ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ወደኛ ዘለቀ፤ ቆቦም ወልድያም መብራትና ስልክ አጡ። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተዘረፈ፤ ኮምፒውተሩና የቤተ ሙከራ ዕቃው የጦርነት ሲሳይ ሆነ። በነሐሴ 2014 እንደገና ተጀመረ፤ ቆቦም እንደገና ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመና ‹‹እፎይ›› አልን።

እፎይታው ስንት ቆየ? በሐምሌ 2015 ትምህርት ሚኒስቴር የመጀመሪያውን የመውጫ ፈተና ለተመራቂ ተማሪዎች ሰጠ። ፈተናው በኮምፒውተር፣ በኦንላይን ነው። ‹‹ከእንግዲህ ይህን ያላለፈ ዲግሪ የለውም፤ ዘመኑ የዲጂታል ነው›› ተባለ። በዚያው ወር በ28ኛው ቀን በአማራ ክልል ምክንያት አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም በክልሉ ተዘጋ። አዋጁ ለስድስት ወር ነበር፤ ጥር ላይ አራት ወር ተጨመረበት። ኢንተርኔቱ እንደ ነገሩ መመለስ የጀመረው ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ያውም በመሀሉ፣ በሚያዝያ 2016 በአላማጣ አካባቢ በተነሣው ግጭት ከ50 ሺህ በላይ ሰው መፈናቀሉን የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ማስተባበሪያ ቢሮ ተናግሯል። ብዙው ሰው የሸሸው ወደ ቆቦ ነበር።

ቆቦ ውስጥ የማውቀው አንድ ወጣት በዚያ ዓመት ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበር፤ ትምህርቱ በርቀት፣ አሳይመንቱ በኦንላይን። አራት አሳይመንት ወረቀት ላይ ሠርቶ በደብተሩ ውስጥ አስቀምጧል። የሚልክበት ግን የለም። መስመሩ ሲከፈት ገብቶ አየ። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ትምህርቱን ለመቀጠል እንደገና ተመዝገብ፣ እንደገና ክፈል ተባለ። ‹‹ጋሼ፣ እኔ እኮ ሠርቻለሁ›› እያለ ደብተሩን ሲያሳየኝ ምን ልበለው?

ዜሮ ማለት ተጠይቆ ያልመለሰ ሰው ውጤት ነው። በሩ ላይ ቆሞ የተዘጋበት ሰው ዜሮ አይባልም። ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ ተማሪ ቢሆን እንኳ ቢያንስ በሩ ተዘግቶ እንዳገኘው ዘበኛው ይመሰክርለታል። ማሽኑ ግን ሰነፉንና የተቆለፈበትን ለይቶ አያውቅም። ለይቶ ማወቅ የነበረበት ሰው ነበር፤ ሰው ደግሞ ‹‹ሲስተሙ ነው›› አለ።

ይህ ሁሉ ሲሆን መንግሥታችን ዝም አላለም፤ ሌላ ድግስ ደገሰ። በሐምሌ 2016 ‹‹አምስት ሚሊዮን ኮደርስ›› የሚባል የኦንላይን ሥልጠና በታላቅ ጭብጨባ ተጀመረ። ጥሩ ነው፤ ወጣቱ ይሠልጥን። ግን ያ ወር የአማራ ክልል ወጣት ከዓመት የኔትወርክ ጨለማ ገና ዓይኑን እያሸ የሚወጣበት ወር ነበር። ትምህርት ሚኒስቴርም ከማስተርካርድ ፋውንዴሽንና ከአሜሪካው አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን የኦንላይን ትምህርት ለማጠናከር ፕሮጀክት ዘርግቷል። ይህንንም እደግፋለሁ። የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ክፍሉን የሚሠራውም፣ የክፍሉን ቁልፍ የያዘውም አንድ መንግሥት ከሆነ፣ ቁልፉን ሲቆልፍ ተማሪውን ማን ይቆጥርለታል?

‹‹የጸጥታ ጉዳይ ነው፤ ኔትወርክ የሚዘጋው ሕይወት ለማዳን ነው›› ይሉናል። ይህን መከራከሪያ አቃልዬ አላልፈውም። በፌስቡክ የሚነዛ ጥላቻ ሰው ማስገደሉን ሁላችንም አይተናል። ነገር ግን ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ኔትወርክ በተዘጋበት በዚያ ዓመት ጥይቱ ዝም አለ ወይ? አላለም። እናት ልጇ ይኑር ይሙት የምትሰማበት መንገድ ግን ጠቧል። ሁለተኛ፣ ፌስቡክን መዝጋትና የተማሪን ክፍል መዝጋት አንድ ነው ወይ? ሌባ ገባ ተብሎ ገበያው ሁሉ፣ ትምህርት ቤቱም፣ ሐኪም ቤቱም ለዓመት ይቆለፋል?

ሕግም አለን፤ ወረቀት ላይ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 መረጃ የመፈለግ፣ የመቀበልና የማሰራጨት ነፃነትን ለማንም ሰው ይሰጣል። አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ መብቶች ሊገደቡ ይችሉ ይሆናል፤ ለዓመት ያህል ያለ ማስታወቂያ፣ ያለ ቀነ ገደብ፣ ያለ ማብራሪያ ይገደቡ የሚል ግን አላነበብኩም። በሌላው ዓለም ይህ ነገር ፍርድ ቤት ደርሷል። በካሽሚር ኢንተርኔት ከተዘጋ በኋላ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በጥር 2020 ኢንተርኔትን ላልተወሰነ ጊዜ መዝጋት እንደማይፈቀድ፣ የመዝጊያ ትእዛዝም መታተም እንዳለበት ወሰነ። በዚያው ዓመት የምዕራብ አፍሪካው የኤኮዋስ ፍርድ ቤት ቶጎ በ2017 ኢንተርኔት መዝጋቷ ሕገ ወጥ ነበር ብሎ ፈረደ። ሕንድ የጸጥታ ችግር የላትም? ቶጎ የዴሞክራሲ ገነት ናት? አይደሉም። ግን የሚጠየቅ ሰው ተገኝቷል።

ዩኒቨርሲቲዎቹ ደግሞ ሌላ መልስ አላቸው፤ ‹‹እኛ ኔትወርክ አንዘጋም፤ እኛን ለምን ትወቅሱናላችሁ?›› እውነት ነው፤ አይዘጉም። ግን ዜሮውን የሚሰጠው ማን ነው? ሁለተኛ ክፈል የሚለውስ? መንግሥት በዘጋው በር ዩኒቨርሲቲው ቅጣት ከሰበሰበ ሁለቱ ተካፍለዋል ማለት ነው።

እንግዲህ ‹‹ነቀፋ ብቻ›› እንዳይባል የሚደረገውን ልናገር። ሁሉም የሚቻል ነው።

አንደኛ፦ ኔትወርክ በተቋረጠበት አካባቢ ያለ ተማሪ የአሳይመንትና የፈተና ቀኑ ወዲያውኑ እንዲቆም፣ መስመሩ ሲመለስ ካቆመበት እንዲቀጥል ትምህርት ሚኒስቴር መመሪያ ያውጣ። በፍርድ ቤት እንኳ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የቀረ ተከራካሪ ይሰማል። ያለ ጥፋቱ የወደቀ ተማሪ እንደገና እንዳይከፍልም ይደንገግ።

ሁለተኛ፦ ትምህርቱ ከኔትወርክ ውጭም ይድረስ። ማስታወሻው በፍላሽ ይሰጥ፤ አሳይመንቱ በወረቀት ተሠርቶ ቆቦ ወይም አላማጣ በተወከለ ትምህርት ቤት በኩል ይግባ። ‹‹ፍላሽ ኋላ ቀር ነው›› የሚል ካለ ኩባን ይመልከት፤ ኢንተርኔት ውድና ጠባብ በነበረበት ጊዜ ሕዝቡ በየሳምንቱ ሃርድ ዲስክ እየተቀባበለ ፊልሙንም፣ ፕሮግራሙንም፣ መጽሔቱንም ሲያዳርስ ኖሯል። ከዚህ የተሻለም አለ። ሙድልን ራሱን በእጅ መዳፍ በምታክል ‹‹ራስፕቤሪ ፓይ›› በምትባል ርካሽ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ፣ ያለ ኢንተርኔት በዋይፋይ አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ማስጠቀም ይቻላል። ‹‹ሙድልቦክስ›› ይሉታል፤ ነፃ ነው። አንዷን ዋጃ ላይ፣ አንዷን ቆቦ ላይ ማስቀመጥ ለአንድ ስብሰባ ከሚወጣው የውሎ አበል ይበልጣል?

ሦስተኛ፦ መምህራኑ ይሠልጥኑ። ለአንድ ተማሪ ቀን ማራዘም፣ ፈተና አውርዶ መሥራትን መፍቀድ፣ ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጨምሮ መጻፍ የግማሽ ቀን ሥልጠና ነው። ከዚያ በኋላ ‹‹ሲስተሙ ነው›› የሚል ሰው ስሙን ጽፎ፣ ፈርሞ ይበል።

አራተኛ፦ ኔትወርክ መዝጋት ግድ ነው ከተባለ ትእዛዙ በጽሑፍ ይታተም። ማን እንደዘጋው፣ ለምን እንደዘጋው፣ መቼ እንደሚከፍተው ሕዝብ ይወቅ፤ ፍርድ ቤትም ይየው። የትምህርት ገጾችም ከመዝጊያው ውጭ ይሁኑ። ባንክ እንዲሠራ መላ ይፈለግ የለም እንዴ? ለብር የተገኘ መላ ለተማሪ ለምን ይጠፋል?

እነዚህን አራት ነገሮች የምጠይቀው ለኔ ብዬ አይደለም። የኔ 20 ጥያቄ አልፏል። እኔ ሠላሳዎቹን አጋምሻለሁ፤ ብወድቅም ብዕሬ አለኝ። ነገሩ የራያ ቆላ ልጅ ነገር ነው። ይህ ትውልድ ኮሮናን አየ፣ ሁለት ጊዜ ጦርነት በደጁ አለፈ፣ ተፈናቀለ፣ ተመለሰ። ይህን ሁሉ ተሻግሮ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እየተነሣ ማስታወሻ የሚያወርድ ልጅ ሰነፍ ነው? ይህን ልጅ ‹‹ዜሮ›› ብለን ከመዘገብነው ነገ ምን አድርግ እንለዋለን? ሥራ የለው፤ ዲግሪው ተቆልፎበታል። ጫካውና የአረብ አገር መንገድ ግን ሁልጊዜ ክፍት ናቸው፤ እነሱ የይለፍ ቃል አይጠይቁም።

አሁን ወደዚያች በልባችሁ ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነገር ልመለስ። ፕላትፎርሙ ሁሉን ይመዘግባል ብያለሁ። እንግዲያው ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የትኛው ተማሪ በየትኛው ቀን ድንገት እንደጠፋ፣ መቼ እንደተመለሰ፣ በመሀሉ ስንት ዜሮ እንደተጻፈበት፣ ስንቱ እንደገና እንደከፈለ፣ ስንቱስ ጭራሽ እንዳልተመለሰ በየዩኒቨርሲቲው መዝገብ ውስጥ ተቀምጧል። ጥናት አያስፈልግም፣ ኮሚቴ አያስፈልግም፣ አበል አያስፈልግም። ሲስተሙ ያውቀዋል!

ክቡራን የትምህርት ሚኒስቴር ኃላፊዎች፣ ተማሪውን በሲስተሙ ስትጠይቁት ኖራችኋል። አንድ ቀን እናንተም በሲስተሙ ተጠየቁ። ቁጥሩን አውጡና ለሕዝብ አሳዩ። ከዚያ በኋላ ማን ሰነፍ፣ ማን ቆላፊ እንደነበር አብረን እንፈርዳለን።